ሳሙና የሚል ወረቀት

ከኛ አገር የወጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሌሊት ነው። ጨለማ ነበር፣ ውሻ ጮኸ፣ በጓሮ በር ወጣሁ ይላል። እኔ ግን ከጎንደር የወጣሁት ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከገበያ ወደ ትክል ድንጋይ ከሚመለሱ ባላገሮች ጋር ተቀላቅዬ፣ ባዶ ጆንያ ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ምሳዬን እንኳ ሳልበላ። ሌሊቱን ብጠብቅ ኖሮ ይህን ታሪክ የምትሰሙት ከሌላ ሰው ነበር። ለዓመታት ዝም ያልኩት ወድጄ አይደለም። አሁን ደርግ ሄዷል፣ የዚያን ጊዜው የቀበሌያችን ካድሬም የት እንደገባ አላውቅም፤ እህቴም ጻፈው ብላኛለች።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሱ ነውና። ቁስቋም ሰፈር የቀበሌ ሱቅ ጸሐፊ ነበርኩ። ካርቶን እየቆረጥኩ የዕቃውን ስምና ዋጋውን ጽፌ መደርደሪያው ላይ እለጥፋለሁ፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ዘይት። ስሙን በቀይ፣ ዋጋውን በጥቁር። ጽሕፈቴ ያምር ነበር፤ ለጉራ አይደለም የምለው፣ ያስፈጀን እሱ ስለሆነ ነው። አባባ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ላይ ዳዊት ሲጽፉ የኖሩ። «የቅዱሳን ስም የሚጻፍበትን ቀይ ለሳሙና አዋልከው» እያሉ ይቆጡኝ ነበር። የአባባ ቁጣ ብዙ ነበር፤ የብርዑ አቀራረጽ፣ የመስመሩ ስፋት፣ የፊደሉ አንገት። እኔም በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰዋለሁ።

የሱቁ ኃላፊ አያ ሙላት ነበሩ፤ የቀድሞ ልብስ ሰፊ፣ ደግ ሰው፣ ቀበሌ አምጥቶ ያስቀመጣቸው። ሳሙና ከጠፋ ወራት አልፎት ነበር። ወረቀቱ ግን እንደተለጠፈ ነው። አንድ ቀን ላነሳው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተው፣ አታንሳው» አሉኝ። «ወረቀቱ ካለ ሕዝቡ ሳሙና ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። ከተነሳ ግን ይኸው ቀረ ብሎ እኛን ያማናል።»

እናም በባዶ መደርደሪያ ላይ፣ በሚያምር ቀይ ቀለም፣ ሳሙና የሚል ወረቀት ከነዋጋው ተንጠልጥሎ ኖረ።

እህቴ ትርንጎ የጤና ተማሪ ነበረች። እናታችን በልጅነታችን ሞተውብን አባባ ናቸው ያሳደጉን። ብራና ላይ መጻፍ የወንድ ሥራ ነው የሚባል ነገር ስላለ፣ አባባ ትርንጎን ሲያስተምሯት በር ዘግተው ነበር። ለጎረቤት ለወሬ የሚሆን ነገር አይወዱም። ኋላ ዓይናቸው ሲደክም እጇን ይዤ ያስለመድኳት እኔ ነኝ። የቤታችን ጽሕፈት ምልክት ነበረው። መ ስንጽፍ ሁለቱ ቀለበቶች እኩል አይሆኑም፤ የግራው ተለቅ ይላል። ይቺን ነገር በጣም እኮራባት ነበር፣ የአባባ ማኅተም ናት እል ነበር። አባባ ያረፉት ይህ ሁሉ ከመድረሱ ከአንድ ዓመት በፊት ነው፤ ጀምረው ያልጨረሱት ዳዊት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ያን ሰሞን ቁስቋም ግንብ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ያድር ነበር። ምን እንደሚል አትጠይቁኝ፣ ቆሞ የሚያነብ ሰው አልነበረም፤ ሰዉ አንገቱን ወደ ሌላ ወገን አዙሮ ነው የሚያልፈው። እኔም በዓይኔ ጠርዝ ብቻ አየሁት። አንድ ነገር ልቤን ጫር አደረገኝ፤ ይመስለኛል እንጅ አይሆንም ብዬ አለፍኩ።

ቅዳሜ ጥዋት ሱቅ ስገባ የሳሙናው ወረቀት በቦታው የለም።

«አያ ሙላት፣ የሳሙናው ወረቀት የት ሄደ?»

«የቀበሌው ካድሬ ወሰደው፣ ትናንት ማምሻውን።»

«ምን ያደርግለታል?»

«እኔስ ምን አውቄ። ሳሙናውን ሲያጣ ወረቀቱን ወሰደ።» ሊስቁ ሞከሩ፣ ሳቁ ግን አልመጣላቸውም። ወደ በሩ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከኪሱ ሌላ ወረቀት አውጥቶ ጎን ለጎን ይዞ ሲያያቸው ነበር። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጽሕፈት ቤት ይምጣ ብሏል። እስክርቢቶም ይያዝ ብሏል።»

እስክርቢቶ ያዝ ሲባል ነገሩ ገባኝ። ግንቡ ላይ ያየሁት መ ተመልሶ ዓይኔ ላይ መጣ። እኔ አልጻፍኩትም። በዚያች ከተማ እንደዚያ አድርጎ የሚጽፍ ከኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ቤት ስደርስ ትርንጎ ምስር ትለቅማለች። በሩን ዘጋሁት።

«ስንት ጻፍሽ?» አልኳት።

ቀና አላለችም። ምስሩን መልቀሟን ቀጠለች።

«ስንት ነው፣ ትርንጎ?»

«ስድስት።»

«በግራ እጅሽ ብትጽፊው ምን ነበረበት? ወይ አጣመሽ፣ ልጅ የጻፈው አስመስለሽ?»

«ሞክሬ ነበር» አለችኝ። «ዓይን አይሞላም። እንዲያ ያለ ነገር ግንብ ላይ መለጠፍ አሳፈረኝ።»

አያችሁ የጸሐፊ ልጅ ነገር። ሞትን አልፈራችም፣ በክፉ ጽሕፈት ግን አፈረች። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ እኔም በሷ ቦታ ብሆን ያንኑ እንደማደርግ ስለማውቅ መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ተቀምጬ አሰብኩ። ዘጠኝ ሰዓት ብሄድ ያስጽፉኛል። ጽሕፈቴ ይገጥማል። አልጻፍኩም ብል ታዲያ ማን ጻፈ ይሉኛል። እኔ ደግሞ ጀግና አይደለሁም፤ ይህን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ውስጥ እግሬን ሲገርፉኝ የእህቴን ስም እንደምጠራ አውቅ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ባይሆን በሦስተኛው። ብጠፋ ግን ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ የጠፋ ሰው ጥፋቱን አመነ ማለት ነው፣ ሌላ ሰው የሚፈልግ የለም። ትምህርት ቤት የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ትርንጎ የቁም ጽሕፈት መማሯን ከአባባና ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ከዛሬ ጀምሮ ሰው ፊት በቀኝ እጅሽ እንዳትጽፊ» አልኳት። «ማዪልኝ።»

«የአባባ አፅም ይውጋኝ» አለች። ምስሩን እንደያዘች ተነስታ ቆመች። ያልለቀመችውን ከለቀመችው ጋር ቀላቀለችው። አልተቃቀፍንም፤ ብንተቃቀፍ ኖሮ የምወጣ አይመስለኝም።

ከከተማው መውጫ ኬላ አለ። አንድ የገበሬ ሚሊሻ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ትልቅ መዝገብ አጠገቡ አስቀምጦ ተቀምጧል። ገበያተኞቹ ከነአህዮቻቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሰዓት አልነበረኝም፤ በጥላዬ ስገምት ሰባት ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ሰዓት ቀርቶኛል።

«አንተ ኮት የለበስከው፣ ወዴት ነህ?»

«ትክል ድንጋይ። ጤፍ ልሸምት።»

«ቅዳሜ ገበያ እዚህ እያለ?»

«እዚህማ በምን አቅሜ» አልኩት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «መጻፍ ትችላለህ?» አለኝ።

አያ ሙላት ተናግረዋል፣ ወይ ካድሬው ቀድሞ ልኳል አልኩ። ሰውየው ግን መዝገቡን አንስቶ ወደኔ ዘረጋው።

«መዝጋቢው ምሳ ሊበላ ብሎ ሄዶ ቀረ። እኔ እንደሁ መሠረተ ትምህርት ገና ሁለተኛ ዙር ነኝ። ና፣ የነዚህን ሰዎች ስም ጻፍልኝና ይሂዱ፤ አህዮቹም በፀሐይ አለቁ። ያንተንም ጨምር።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መዝገቡን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። አስቡት እንግዲህ። አጣምሜ ብጽፍ፣ ስሜን ብቀይር፣ ማንም አያውቀኝም፣ በሰላም አልፋለሁ። ግን ያኔ የት እንደገባሁ ስለማይታወቅ ቤት ይፈተሻል፣ ትርንጎ ትጠየቃለች፣ ምናልባትም ይቺም ትጻፍ እስቲ የሚል ሰው ይመጣል። በራሴ እጅ ብጽፍ ደግሞ መዝጋቢው ከምሳ ሲመለስ ሊያውቀው፣ ፈረሰኛ ሊያስከትልብኝ ይችላል። የመጀመሪያውን ሰው ስም እየጻፍኩ ገና አልወሰንኩም ነበር። በሦስተኛው ላይ ግን እጄ ራሱ ወሰነ። አሥራ ሦስቱንም ሰው እንደ ዳዊት አሳምሬ ጻፍኳቸው። በመጨረሻ የራሴን ስም ከነአባቴ ከነአያቴ፣ የመ ግራ ቀለበት ሰፋ ብሎ፣ አንድም ሳላጎድል አስቀመጥኩ።

ሚሊሻው መዝገቡን አገላብጦ አየው። «ኧረ ሸጋ ጽሕፈት። የቄስ ልጅ ነህ?»

«የጸሐፊ።»

«በል እግዜር ይከተልህ» አለኝ፤ ወዲያው ሥልጣኑ ትዝ ብሎት ኮስተር አለ።

የመንገዱን ነገር ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላስረዝመውም። ከትክል ድንጋይ በኋላ ደጋው እየራቀ፣ ሙቀቱ ከታች እየመጣ፣ ሰሊጥ ሊያጭዱ ወደ አርማጭሆ ቆላ ከሚወርዱ ሠራተኞች ጋር ተቀላቅዬ ወረድኩ። ኮቴን ለአንዱ ሰጥቼ ነጠላውን ወሰድኩ። ከኋላዬ የፈረስ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ጫማዬን እንደሚያስር ሰው እጎነበሳለሁ። በስምንተኛው ቀን ሱዳን ገባሁ፤ ገዳሪፍ ደርሼ መጀመሪያ የጠጣሁትን ውሃ ሙቀት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ገዳሪፍ እያለሁ ነው የሳሙናው ወረቀት እንደገና የተከተለኝ። አንድ ሰሊጥ ነጋዴ ከአያ ሙላት መልእክት በቃሉ ይዞልኝ መጣ።

«እህትህ ደኅና ናት ብለውሃል። ሁለት ቀን ጠይቀው ለቀቋት። መዝገቡ ላይ ጽሕፈትህን አግኝተውት ነገሩ አለቀ። የአባትህን ዳዊት እናመሳክር ብለው ወስደው አልመለሱትም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት። እፎይ አልኩ።

«ገና አልጨረስኩም» አለኝ፤ የምሥራቹን መጨረሻ ላይ ያስቀመጠ ሰው ፊት ነበረው። «ከትምህርቷ ግን አባረዋታል። አያ ሙላትም ቤታችሁ ባዶ እንዳይሆን ብለው ያንተን ሥራ ለሷ አስሰጥተዋታል። ፊደል የቆጠረች ናት ብለው ተከራክረው ነው። አሁን የሱቁ ጸሐፊ እሷ ናት።»

ነጋዴው ምስጋና ሲጠብቅ እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አስቡት፤ ያ ካድሬ ሲጋራ የሚገዛው ከዚያ ሱቅ ነው። ትርንጎ በየቀኑ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት እያለች ጽፋ ከዓይኑ ፊት ልትለጥፍ ነው። እምቢ ብትል ለምን ይሏታል። ደብዳቤ ልጽፍላት አልችልም፣ ይከፈታል፤ በዚያ ላይ የኔ እጅ ነው። ደጉ አያ ሙላት በደግነታቸው እህቴን ካድሬው ዓይን ስር አስቀመጧት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዓመታት እንቅልፍ ሲወስደኝ የማየው መደርደሪያ ነበር።

ከሱዳን ወደ ስዊድን የመጣሁት በስደተኞች ፎርም ነው። ዬተቦሪ የምትባል የወደብ ከተማ አወረዱኝ። ጎንደር አጠገብ ኮሶዬ ላይ ብርድ አለ የምንል ሰዎች እኮ ነን፤ ጋቢ ደርበን እንንቀጠቀጥ የነበርነው። እዚህ ብርዱ ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ምሳህን በልተህ ቀና ስትል መሽቷል። ዳቦው ስኳር አለበት፣ ዓሣው ስኳር አለበት፣ ሰዉ ግን ኮስታራ ነው። የስደተኞች ቢሮ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ቁጭ አድርጋኝ፣ በአስተርጓሚ፣ እንዲህ ተባባልን።

«ሙያህ ምንድን ነው?»

«ሱቅ ውስጥ ዋጋ እጽፍ ነበር።»

«የምን ዕቃ?»

«የሌለ ዕቃ።»

አስተርጓሚው ዞሮ አየኝ። ልተርጉመው ወይ እንደማለት። ተርጉም አልኩት። ሴትዮዋ አሰበችና «ማለትም ዕቃው ባይኖርም ሰው ወደ ሱቁ እንዲመጣ የሚያደርግ ጽሑፍ ነው?» አለች።

«አዎ፣ በትክክል።»

ፎርሙ ላይ አንድ ረጅም ቃል ጻፈች፣ ማርክናድስፈሪንግ ይሉታል፤ ገበያ የማስተዋወቅ ባለሙያ ማለት ነው ብሎ አስተርጓሚው ነገረኝ። እንዲያ ሆኜ ገባሁ።

ክፍል ያከራየኝ ሽማግሌ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት በሬን አንኳኳ። «ጎረቤቶች ቅሬታ አላቸው» አለኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ደረጃው ላይ ስታገኛቸው ጤንነታቸውን ትጠይቃለህ። ልጆቻቸውንም ትጠይቃለህ። ሐኪም ነህ ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

«ሰላምታ ነው» አልኩት።

«ሀይ በላቸው» አለኝ። «ይበቃል።» ቁስቋም ጨው ሊገዛ የመጣ ሰው ከነከብቱ ደኅንነት ሳይጠያየቅ ጨውም አያነሳም፤ እዚህ በሀይ ዓመት ይታለፋል።

መጀመሪያ ትልቅ የምግብ መደብር ውስጥ ካርቶን ተሸካሚ ሆንኩ። ከመደብሩ ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ክፍል፣ ጉንቦሪ የምትባል ሸምገል ያለች ሴትዮ ነበረች። ሥራዋ በየሳምንቱ ቅናሽ የሚደረግበትን ዕቃ በብሩሽ ትልልቅ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው፤ ኤክስትራፕሪስ፣ ልዩ ዋጋ እያለች፣ በቀይ። ቀይ ቀለሙን ሳይ ቆሜ ቀረሁ። እሷም ምነው ዕቃ አትሸከምም አላለችኝም፤ በርጩማ ገፋ አደረገችልኝ። ከዚያ በኋላ እረፍቴን እሷ ዘንድ ነበር የማሳልፈው። ብሩሹን ግን አንድ ቀንም አልነካሁም።

ማታ ማታ ለስደተኞች የሚሰጥ የኮምፒዩተር ትምህርት ነበር፤ ቤት ቀዝቃዛ ስለሆነ ገባሁበት። ኋላ መደብሩ ኮምፒዩተር ሲገዛ፣ የያንዳንዱን መደርደሪያ የዋጋ ወረቀት በፕሪንተር የሚያወጣ ፕሮግራም ማን ይሥራልን ሲባል፣ እጄን አወጣሁ። ሥራ አስኪያጁ ስዊድንኛዬን ሰምቶ ሳቀ። ፎርሙ ላይ ግን የገበያ ባለሙያ ይላል።

እንደዚያ ሥራ የተጠመድኩበት ነገር የለም። የዕቃው ስም፣ ዋጋው፣ ቁጥሩ አንድ ቦታ ይቀመጣል። ዋጋ ሲቀየር የተቀየሩት ብቻ ተለይተው ይታተማሉ፣ ያውም በመደርደሪያው ቅደም ተከተል፣ ለጣፊው ሰው ወዲያ ወዲህ እንዳይሮጥ። የቅናሹ ቀን ሲያልፍ ዋጋው በራሱ ይመለሳል። ሰዎቹ ትጋቴን አይተው ተደነቁ። እነሱ ምን ያውቃሉ። እኔ በልቤ የምሠራው ማንም ሰው በእጅ ጽሕፈቱ የማይያዝበትን ሱቅ ነበር። ከፕሪንተሩ የሚወጣው ፊደል የማንም አይደለም፤ ጎን ለጎን ቢይዙት አንዱ ካንዱ አይለይም። እዚያ ሱቅ ውስጥ ትርንጎ ብትገባ በሰላም ትውላለች እያልኩ ነበር የምሠራው።

አንድ ነገር ጨመርኩበት። ዕቃው መጋዘን ውስጥ ካለቀ ወረቀቱ አይታተምም። ሥራ አስኪያጁ ተቆጣ።

«ይህን ማን አዘዘህ?»

«ዕቃው የለም እኮ» አልኩት።

«ወረቀቱ ይኑር። ደንበኛው ሲያየው ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። ካነሳኸው ሌላ መደብር ይሄዳል።»

አያ ሙላት ስዊድንኛ የተናገሩ መሰለኝ። ሳቅኩ፤ ሰውየው በሱ የሳቅኩ መስሎት ሳምንት አኮረፈኝ።

ፕሮግራሙ ሲሠራ ጉንቦሪን ወደ ሒሳብ መቀበያው አዛወሯት። ብሩሾቿን እያጠበች ጠየቀችኝ። «ንገረኝ እስቲ፣ የእጅ ጽሕፈት ምን አድርጎህ ነው?»

ነገርኳት። በተሰባበረ ቋንቋዬ፣ ግንቡን፣ የሳሙናውን ወረቀት፣ ኬላውን፣ እህቴን፣ ሁሉንም። ለሰው ስነግር የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጽፍ በጽሕፈቴ የጎዳሁት ሰው የለም» አለችኝ። ከዚያ ብሩሾቹን በጋዜጣ ጠቅልላ ወሰደቻቸው። አፈርኩ። የራሴን ፍርሃት ይዤ መጥቼ የሷን እንጀራ እንደነካሁ ገባኝ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም፣ በዚያ ቋንቋ እንዴት እንደሚባል እያወቅኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ ሥራ ሳይኖረኝ፣ ፕሪንተሩ የማያውቀውን ፊደል ነጥብ በነጥብ ማስተማር እንደሚቻል አነበብኩ። ሳ ብዬ ጀመርኩ። ሙ ላይ ስደርስ እጄ ሳላዘው የግራውን ቀለበት ሰፋ አደረገው። ና ጨመርኩ። ፕሪንተሩ እየጮኸ አወጣት፤ ሳሙና። በአባባ እጅ። አባባ ሞተው፣ ዳዊታቸው ተወስዶ፣ ጽሕፈታቸው በዓለም ላይ የቀረው በዚያች ትንሽ ወረቀት ብቻ ነው አልኩና አለቀስኩ። ወረቀቷን ፖስታ ውስጥ አድርጌ የትርንጎን ስም በስዊድን ፊደል ጻፍኩበት። አልላክሁትም። እንዴት ልላከው፤ ያ መ እኮ እነካድሬው ፋይል ውስጥ አለ።

አንድ አዲስ የመጣ የጎንደር ሰው ያ ካድሬ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል ሲለኝ ነው ስልክ ለመደወል የደፈርኩት። በቴሌግራም ቀን አስያዝኩ፤ ትርንጎ ስልክ ቤት ወረፋ ይዛ ጠበቀችኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ነው ድምጿን የሰማሁት፣ ወፈር ብሏል። መስመሩ ላይ ሌላ ጆሮ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ሥራ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ደኅና ነው። እጽፋለሁ፣ በግራዬ። አያ ሙላት ዶሮ የጫረችው ይመስላል እያሉ ይስቁብኛል።»

«ምነው በግራሽ?» አልኩ እንደ ሞኝ።

«አልሰማህም እንዴ? ሥራ የምጀምር ዕለት ጥዋት የፈላ ሽሮ ቀኝ እጄ ላይ ተደፋብኝ። ጣቶቼ ከዚያ ወዲህ አይዘረጉም።»

«ማን ደፋብሽ?»

«ማን ይደፋብኛል፣ ብቻዬን ነበርኩ» አለች። ትንሽ ቆይታ «የተባልኩትን አልረሳሁም፣ ወንድምዓለም» አለችኝ።

ጆሮዬ ላይ ያለው ስልክ ከበደኝ። ማዪልኝ ያልኳት እኔ ነኝ። እኔ ሸሽቼ የዳንኩ፣ እሷ እዚያው ቆማ በእጇ የከፈለች። እሷው ናት ያጽናናችኝ፣ «የአባባ ጽሕፈት ብቻ ናፈቀኝ» ብላ፣ «ቤት ውስጥ አንድ ፊደል እንኳ አልቀረልንም።»

ፖስታው መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ደርግ ወድቋል የሚለውን በሬድዮ የሰማሁ ሳምንት ወስጄ ላክሁት፤ ሲደርሳት እንድትደውልልኝ አልኩ። በሁለተኛው ወር ደወለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃችንን ሳንቀንስ አወራን።

«ደረሰኝ» አለች። «ሸጋ ነው። የማን ጽሕፈት ነው?»

«የማን ይሆናል፣ የአባባ ነው እንጅ።»

ከኋላዋ ስልክ ቤቱ ውስጥ ሰዎች ሲነጋገሩ ይሰማል።

«ወንድምዓለም» አለችኝ፣ «የአባባ መ እኩል ነው።»

«እንዴት እኩል ይሆናል? የግራው ይተልቃል እኮ።»

«የግራው የሚተልቀው ያንተ ነው። አባባ ሁልጊዜ የሚቆጡህ ምን ብለው መሰለህ? እኔም የለመድኩት ካንተ ነው። እጄን ይዘህ ያስጻፍከኝ አንተ አይደለህ?»

ካድሬው እንግዲህ አልተሳሳተም ነበር። ግንቡ ላይ የተለጠፈው የኔ እጅ ነበር፣ በሷ ጣቶች የተጻፈ። እኔም እነዚያን ዓመታት ሁሉ የአባባን ጽሕፈት አተረፍኩ ብዬ ማሽን ውስጥ ያስቀመጥኩት የራሴን ስሕተት ነው። የአባባን ላስታውስ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ሁለቱን ቀለበት እኩል ላደርጋቸው ሞከርኩ፤ የግራው እየተለቀ አስቸገረኝ።

«አንቺ ታስታውሺዋለሽ አይደል?» አልኳት። «በይ የአባባን መ ጻፊልኝና ላኪልኝ። እዚህ አስገባዋለሁ፣ አይጠፋም።»

«በየትኛው እጄ?» አለችኝ።

ቂም አልነበረባትም፣ እውነቷን ነው የጠየቀችኝ። እሷም ስልኩን አልዘጋችም፣ እኔም አልዘጋሁም፤ ስልክ ቤት ያለው ሰው ወረፋው ረዘመ፣ ጨርሺ ሲላት ይሰማኛል።